ያረገዝኩ የመሰለኝ ክረምት

አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። የወር አበባዬ ሦስት ወር ሲቀርብኝ አረገዝኩ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ በፊት ተዛብቶብኝ አያውቅም። ድካሙ ደግሞ ሌላ ነበር። ጠዋት ስነሳ ጭራሽ ያልተኛሁ ይመስለኛል። ከአዲሱ ገበያ አውቶቡስ ተጋፍቼ መሥሪያ ቤት ደርሼ ታይፕራይተሩ ፊት እስክቀመጥ ጉልበቴ አልቆ ነው።

ያለን አንድ ልጅ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሰሜን ነበር። በኋላ በሰላም ተመልሷል፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ያውቃል? መካኒክ የነበረው ባሌ ልጁ ከሄደ ወዲህ ከጋራዥ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ መንገድ ላይ ነገርኩት።

«እውነትሽን ነው?» ብሎ ቆመ። ከዚያ ሳቀ።

«በዚህ ዕድሜ ሰው ምን ይለናል?»

«የፈለገውን ይበል!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲ አላስነሳኝም። ቦኖ ውሃው ጋ ከሴቶች መሃል ተሰልፎ ራሱ ይቀዳ ጀመር፤ ሰፈሩ ሲስቅበትም ግድ አልሰጠው። እኔ ግን ደስታው አልደረሰኝም። እንደገና ማጥባቱን፣ እንደገና ጨርቅ ማጠቡን ገና ሳስበው ይደክመኛል። የሱን ፊት እያየሁ ይህን መናገር አቃተኝ።

ነሐሴ ላይ ኅብረት ሱቅ ስኳር መጣ ተባለና ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ ጎረቤቴ ነበረች፤ ባሏ አዲሱ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ከወሎ የመጣች፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ ሙስሊም ሴት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ግን ድንገት ከደረቴ እሳት የመሰለ ነገር ተነሳና ፊቴ ላብ በላብ ሆነ። ወዲያው ደም በእግሬ ሲወርድ ተሰማኝ።

«እህቴ፣ ምን ሆንሽ?»

«አስወረደኝ መሰለኝ» አልኳት በጆሮዋ።

ሻርፗን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ወረፋዋን ትታ፣ ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ነርሷ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። መርምራ ስትጨርስ፣ «እትዬ፣ እርግዝና አልነበረም» አለችኝ። «ዕድሜ ነው። የወር አበባው እየቀረ፣ አንዳንዴም እየበዛ ቆይቶ በራሱ ይቆማል። ሙቀቱም ከዚያው ነው። ደሙ እንዲህ ከቀጠለ ግን ተመልሰው ይምጡ።»

«መቼ ነው የሚቆመው?»

«ዓመታት ሊወስድ ይችላል።»

ስንወጣ ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ፣ «እኔን ከጀመረኝ ቆይቷል» አለችኝ። «ሲያቃጥለኝ እንግዳ ቁጭ ብሎም ቢሆን ጥዬ በር ላይ እወጣለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ መች ጠየቅሽኝ?»

ሳቅን። እየሳቅኩ እንባዬ መጣ። ያልፈለግኩት ልጅ አለመኖሩ ለምን እንዳስለቀሰኝ አሁንም በደንብ አላውቅም።

ባሌ ከጋራዥ ሲመጣ ደጃፍ ላይ ጠበቅኩት። «ልጅ የለም፤ ዕድሜ ነው አሉኝ» አልኩት። የእጁን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ ነበር። የጠራውን ጣት ደግሞ ደጋግሞ ጠረገው።

«አንቺስ ደህና ነሽ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ደክሞኛል።»

ከተጋባን ጀምሮ ይህን ቃል ለሱ ተናግሬ አላውቅም። ገብቶ አልጋውን አነጠፈልኝ። ገና ሳይመሽ ተኛሁ፤ ማንም አልቀሰቀሰኝም።

ዓመታት ወሰደ፣ እንደተባለው። መሥሪያ ቤት ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። አንዳንድ ቀን በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ፤ ባሌም ወጣ ብሎ ይመለሳል። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እኔና ጎረቤቴ የምንቀመጠው በሩ አጠገብ ነበር። አንዳችንን ሙቀቱ ሲጀምራት ሌላዋ በሩን ገርበብ ታደርጋለች።

አንድ ቀን የስብሰባው አዳራሽ ደጅ ቆመን ሳስበው፣ የወር አበባ ካየሁ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ነገርኳት።

«እንኳን ደስ አለሽ ልበል ወይስ እግዜር ያጥናሽ?» አለችኝ።

«እኔም አላውቀው» አልኳት። ስም መጥራት ጀምረው ነበርና ተያይዘን ገባን።