ወንድሜ ያልተረጎመው መጨረሻ

ፖሊሶች የያዙኝ ሶዶ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነው። የሰፈራችን ወጣቶች የፈረሙበት አቤቱታ በእጄ ነበር። አልመቱኝም። ጣቢያ ወስደው ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ተቀበሉና አንድ በር ከፈቱልኝ። መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ አሥራ አራት ሰው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጧል። ክፍሉ እርጥብ ብርድ ልብስና ብርቱካን ይሸታል።

"ፊልም ታውቃለህ?" አሉኝ አንድ ሽማግሌ። መምህር ነበሩ፤ ሁሉም "ቲቸር" ይላቸዋል።

የክፍሉ ደንብ ነው። አዲስ የገባ ከምሳ በኋላ ፊልም ያወራል። ያላወራ የሽንት ባልዲው አጠገብ ይተኛል።

እኔ ደህና አድርጌ የማውቀው አንድ ፊልም ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቦዲቲ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክ ይዞ የውጭ ፊልም በወላይትኛ ይተረጉም ነበር። ከሁለት ወር በፊት ታሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያንን ፊልም አንስቼው አላውቅም።

ጀመርኩ። ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል። አንዲት ልጅ አክስቷ ዘንድ ትመጣለች። የጎረቤት ልጅ በሳይክሉ ያፈናጥጣታል። ወንድሜ ፊልሙ ላይ ያለውን ባሕር አባያ ሐይቅ፣ ባቡር ጣቢያውን የቦዲቲ መናኸሪያ ይለው ነበር። እኔም እንደዚያው አልኩ።

"ቆይ፣ ከአባያ ቦዲቲ በሳይክል? ያውም ሰው አፈናጦ?" አለ አንድ የስልጤ ባለሱቅ። "ዳገቱን ማን ወሰደው?"

"ፍቅር ይዞታል እኮ!"

"እኔንም ይዞኝ ያውቃል፤ ዳገቱ ግን እዚያው ነበር።"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ልጅቷ እንዳትወድቅ ሸሚዙን ከኋላ ጨብጣ ያዘች ስል ግን ባለሱቁም ጠጋ አለ። "ቀሪውን ነገ" አሉኝ ቲቸር። "እንዳያልቅብን።"

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ የምትሄድበት ጋ ደረስኩ። እዚህ ጋ ወንድሜ ሁልጊዜ ማይኩን ያጠፋ ነበር። ለምን ስለው፣ "እዚህ የኔ ድምፅ ምን ያደርጋል?" ይለኛል። እኔ ግን የማሳያቸው ምስል የለኝም።

በሩ ተከፈተ። ፖሊሱ ስሜን ጠራ። "ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ተፈትተሃል።"

ማንም አልተነሳም። ባለሱቁ፣ "ሂድ እንጂ አንተ!" አለኝ።

"ሳጅን፣ ትንሽ ቀርቶኛል። ልጨርስላቸው።"

"ምኑን?"

"ፊልሙን።"

አየኝ። ከዚያ በሩን ተደገፈ። "ቶሎ በል።"

ቆሜ ጨረስኩት። አውቶቡሱ ወጣ። ልጁ አልሮጠም። ሳይክሉ ላይ እንደተቀመጠ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፤ እሷ የምትይዘውን የሸሚዙን ጫፍ ያዘ። ጨርቁ ተጨማድዷል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ፈገግ አለ።

"ሄዳበት ምን ያስቀዋል?" አለ ሳጅኑ።

ይህን ወንድሜ አልነገረኝም። "መጥታ ስለነበረ" አልኩ።

ቲቸር ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ሌሎቹም ተነሱ።

አሁን ፊልሙ ስልኬ ላይ አለ። ባሕሩ አባያ አይደለም፤ መናኸሪያም የለም። መጨረሻው ላይ ዘፈን አለው፤ ለካ ወንድሜ ማይኩን ብቻ ሳይሆን ዘፈኑንም ነበር የሚያጠፋው። እዚያ ጋ ስደርስ እኔም ድምፁን አጠፋለሁ። ልጁ ፈገግ እስኪል እጠብቃለሁ።