የድንቡሼ ክንድ

በነርስ ማሠልጠኛው የሁለተኛ ዓመት ክፍል ውስጥ ቁመቷ ከሁሉም ስለሚበልጥ «መለሎ» የሚሏት ልጅ ነበረች። ኤምፖክስ፣ የዝንጀሮ ፈንጣጣ የሚሉት፣ ይዟት ማቆያ ገባች፤ የቁስሉ ቅርፊት ረግፎ አዲስ ቆዳ ሲተካ ሐኪሙ «ድነሻል፣ ወደ ትምህርትሽ ተመለሺ» ብሎ ሸኛት። ከበሽታው የተረፋት እጇ ጀርባ ላይ ያሉት ፈዛዛ ነጠብጣቦች ብቻ መስለዋት ነበር።

የመኝታ ክፍሏን በር ስትከፍት የድንቡሼ አልጋ ባዶ ፍራሹን አግጦ ጠበቃት። ድንቡሼ ማለት አብራት በአንድ ማበጠሪያ ስታበጥር፣ በአንድ ብርድ ልብስ ስታጠና የከረመች ጓደኛዋ ናት።

«እዚያኛው ክፍል ብርሃን ይሻላል ብዬ ነው» አለቻት ኮሪደር ላይ፣ ከሩቅ ቆማ።



አለማወቅ ቢሆን እኮ ደግ ነበር። የጽሑፍ ፈተናው ላይ «ታማሚው ከመቼ በኋላ አያስተላልፍም?» ተብሎ ክፍሉ በሙሉ ልክ መልሷል። ወረቀት ላይ ሁሉም ጀግና ነው። ምግብ ቤት ግን መለሎ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ የተቀመጠው ሁሉ ሹልክ ሹልክ ይላል።

«ዝንጀሮዋ መጣች፣ ሙዛችሁን ደብቁ» ይላል አንዱ ቀልደኛ። ሌሎቹ ሳህናቸው ላይ አቀርቅረው ይስቃሉ።

አመሻሽ ላይ እናቷ ትደውላለች።

«በልተሻል ልጄ?»

«በልቻለሁ እማዬ።»

«ከማን ጋር?»

«ከድንቡሼ ጋር ነዋ።»

የተግባር ፈተናው ባይመጣ ይህንንም ችላ ትኖር ነበር። የደም ግፊት አለካክ የሚፈተነው በሰው ክንድ ነው፤ ተማሪው ከክፍሉ አንድ ሰው ይዞ ይቀርባል፣ ያልቀረበ ዓመቱን ይደግማል። መለሎ መለመን ጀመረች። አንዷን ክንዷን አመማት፤ አንዱ ለሌላ ቃል ገብቷል፤ ሌላዋ «እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች» አለች። የቀረችው ድንቡሼ ነበረች።

«ክንድሽን አበድሪኝ። እንደወሰድኩት እመልስልሻለሁ።»

ድንቡሼ ልትስቅ ብላ ተወችው። «እስቲ ላስብበት» አለች።

የፈተናው ጠዋት ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲገባ መለሎ በሩ አጠገብ ብቻዋን ቆመች። ስሟ ሲጠራ ድንቡሼ ከኋላ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እጅጌዋን ሰብስባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

መለሎ የመለኪያውን ጨርቅ ክንዷ ላይ ጠመጠመች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ ጨርቁን ነፋች፣ አየሩን ቀስ እያለች ለቀቀች። መቶ ሃምሳ። ይህን ክንድ ስንቴ ለክታዋለች፤ መቶ ሃያን አልፎ አያውቅም። የሚሸሿትን ሰዎች ፍርሃት አይታው ታውቃለች እንጂ በጆሮዋ ስትሰማው ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ዱብ ዱብ ይላል።

«ስንት ነው?» አሉ አስተማሪዋ ሲስተር።

«ከፍ ብሏል ሲስተር። ታካሚዋ ትረፍና ደግሜ ልለካ።»

«ደንቡም እሱ ነው፤ አሳርፊያት።»

መለሎ ጨርቁን ፈታችና ወንበሯን ትንሽ ራቅ አደረገች።

«ማወቁንስ አውቃለሁ» አለች ድንቡሼ በሹክሹክታ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል። «ክንዴ ነው አልሰማ ያለኝ።»

«ይሰማል። እንጠብቀው።»

ጠበቁት። ዳግም ሲለካ መቶ ሃያ ሆነ፤ ሲስተር «አልፈሻል» አሉ።

መለሎ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ ድንቡሼ ቀድማት ቧንቧው ጋ ነበረች፤ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አረፋ አልብሳ ትፈትጋለች። መለሎ አጠገቧ ቆመች።

«ሳሙናውን አቀብይኝ።»

ድንቡሼ በእጇ አልሰጠቻትም። የገንዳው ጠርዝ ላይ አኑራ በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችላት። ግን እስክትታጠብ አጠገቧ ቆየች።

አመሻሽ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«በልተሻል ልጄ?»

«በልቻለሁ።»

«ከማን ጋር?»

መለሎ ባዶውን አልጋ አየችው።

«ዛሬ ብቻዬን ነው እማዬ። ነገ እንጃ።»