ንብ ያልፈራው ባሌ

ባሌ የማንኪራ ጫካ ንብ አናቢ ነው። ማር ለመቁረጥ ዛፍ ላይ ሲወጣ ጓንት የለ፣ የፊት መሸፈኛ የለ፤ ፊቱ አብጦ እየሳቀ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ንብ ነድፎት «ወይኔ» ያለ ወንድ እስኪያረጅ ይቀለድበታል። እኔም የወደድኩት ለዚያ ሳቁ ነው፤ አልዋሽም። ያንን ጀግንነቱን በቆሎ ማሳ ውስጥ ይዞት እንደሚገባ ግን ማን አሰበ?

ተምች በቆሏችንን ሲጨርስብን ከሺሺንዳ ገበያ ፀረ ተባይ ይዞ መጣ። በሃይላንድ የተቀዳ፣ አንዲት ፊደል ያልተጻፈበት።

«ነጋዴው ምን አለህ?»

«በክዳኑ እየለካህ እርጭ አለኝ።»

በቃ! መርዝ ሸጦ ምክሩ አንድ ክዳን! ባሌም ሸሚዙ እንዳይበላሽ አውልቆ መርጫውን በባዶ ጀርባው አዘለ። ያፈሳል፤ ወገቡ ድረስ ይወርዳል። «ኧረ ልብስ ደርብ፣ አፍህንም ሸፍን» ስለው፣ «ንብ ያልፈራሁ ውሃ ልፍራ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ሞኟም አብሬው ሳቅኩ።

አምስት ዓመት እንዲሁ ረጨ። አምስት ዓመት አልወለድኩም። ጥፋቱ የማን ሆነ? የኔ ነዋ! አማቴ ያላመጡት ሥር የለም፤ መራራውን ሁሉ ጨለጥኩት። ሴቶቹ ሕፃን ሲቀባበሉ እኔ ጋ ሲደርስ ይዘሉኛል። ያ መዘለል ዛሬም ያንገበግበኛል።

ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከታናሽ እህቴ ደብተር ነው። ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ጤና ጣቢያ «ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ» የሚል አነበብኩና ባሌን ጎትቼ ቦንጋ ሆስፒታል ወሰድኩት። እኔ ደህና ነኝ። የእሱ ዘር ግን በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኘ።

የመረመረችን ባለሙያ ስለ ሥራው ጠየቀችው። የመርጫውን ነገር ሲያወራላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የወንድ ሆርሞን በደም ይዞራል፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀበለው ተቀባይ አለው» አለች። «አንዳንድ ፀረ ተባይ ቀድሞ ሄዶ ቦታውን ይይዛል። ሆርሞኑ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ሌላ ተቀምጧል፤ ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል። የእርስዎ በዚህ ነው ብዬ አልምልም፤ ሃይላንዱ ውስጥ ምን እንደነበረም አላውቅም። መርጨቱን ይተዉና ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሱ።»

ስንመለስ መንገድ ላይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለእናቴ እንዳትነግሪ።»

ንብ ያልፈራው ሰውዬ እናቱን ፈራ! እኔ አምስት ዓመት መካን ስባል ማን አፋቸውን ያዘልኝ?

በሳምንቱ አማቴ መጡ። «ቢታ ገነት ከተማ ያለችውን ልጅ አይቻታለሁ፤ ጨዋ ናት፣ ትወልዳለች» አሉት፣ እኔ እዚያው ቆሜ። ባዶውን ሃይላንድ አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

«እማዬ፣ ያግባት። እሱ ይሄን ሲረጭ ይውላል፣ እርስዎ እሷን ሥር ያጠጧታል።»

«ምንድነው የምትለው ይቺ?» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ሃይላንዱን አነሳ። ዝም ቢል ኖሮ ጨርቄን ጠቅልዬ ልወጣ ቆርጬ ነበር።

«እሷ ጤነኛ ናት፣ እማዬ» አለ። «እኔ ነኝ።»

አማቴ ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ይቅርታ? ወዴት ተገኝቶ!

በማግስቱ ባሌ ተምቹን በጣቱ እየለቀመ ሊገድል ማሳ ወረደ። ተከትዬው ሄድኩና ከጎኑ ያለውን መስመር ያዝኩ።

«አሁንም ተቆጥተሻል?» አለኝ።

«ልቀም» አልኩት።