ያለቀ ፋይል የት ይገባል

አለቃችን ሰኞ ከሰዓት ሰብስቦን ነበር። «ነገ ከአዲስ አበባ ሰው ይመጣል» አለ። «ይህን አዲሱን የኮምፒዩተር ሲስተም የሠሩት ናቸው። እንዴት አገኛችሁት ብለው ይጠይቋችኋል። ጥሩ ነው በሉ፣ በቃ።»

ከሆለታ የምትመላለሰው ባልደረባዬ እጇን አወጣች። «ያልተመቸን ነገር ካለስ?»

«ያልተመቸው ሰው ካለ ለሱሉልታ ቅርንጫፍ እንሰጠዋለን፤ እዚያ ሰው ጠፍቷል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሲናገር የሚያየው እኔን ነበር።

የምሠራበት የግል ኮሌጅ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቅርንጫፍ አለው። እኔ ቡራዩ ሬጅስትራር ክፍል ነኝ፤ የተመራቂዎችን ትራንስክሪፕት እጽፋለሁ። ቤቴ ከቢሮው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ በእግሬ እመጣለሁ። ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። ሱሉልታ ማለት አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከተማውን አቋርጦ፣ እንጦጦን ወጥቶ መውረድ ነው። በእኔ ጉልበት ሦስት ታክሲ እየቀያየርኩ ሦስት ዓመት አልዘልቀውም። እሱም ይህን ያውቃል።

አለቃዬን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሲመጣ ፋይል መክፈት እንኳ አያውቅም ነበር። «እትዬ፣ ይቺን ያሳዩኝ» እያለ ወንበሩን ወደ እኔ ጠረጴዛ ይጎትት ነበር። የኃላፊነቱ ቦታ ክፍት ሆኖ ሁለታችንም ስንወዳደር ግን ለኮሚቴው «እሳቸው ከኮምፒዩተር ጋር አይስማሙም» ብሎ ተናገረ። ቃለ ጉባኤ የያዘችው ልጅ ናት የነገረችኝ። ይኸው ስምንት ዓመቱ፤ አንድም ቀን አላነሳሁበትም። አልረሳሁምም።

ማክሰኞ ጠዋት የመጣችው አንዲት ወጣት ሴት ናት። ወንበር ስባ ከኋላዬ፣ ትንሽ ወደ ጎን ብላ ተቀመጠች። ጉልበቷ ላይ ወረቀት አለ።

«አይጨነቁ እማማ። የምንፈትነው ሲስተሙን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም።»

«እሺ» አልኩ። ወረቀት ይዞ ከኋላዬ ተቀምጦ ያልፈተነኝ ሰው ግን እስከዛሬ አላጋጠመኝም። 

አዲስ ፋይል ይክፈቱ አለች፤ ከፈትኩ። ያትሙ አለች፤ አተምኩ። ፊደሉ ይነበባል ወይ አለች። «ጥሩ ነው» አልኩ። ቀጥላ «ከሁለት ወር በፊት የጨረሱትን አንድ ትራንስክሪፕት ያውጡልኝ» አለች።

እዚህ ላይ የቢሮአችንን አሠራር መናገር አለብኝ። እያንዳንዳችን ጠረጴዛ ሥር የሽቦ ቅርጫት አለ። ያለቀ ፋይል እዚያ ይገባል፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከሰዓት መጥቶ ሰብስቦ ይወስዳል። ኮምፒዩተር ሲመጣልን ያሠለጠነን ሰው አልነበረም። ስክሪኑ ጥግ ላይ የቅርጫት ሥዕል ሳይ፣ እፎይ፣ ይሄን እንኳ አውቀዋለሁ አልኩ። የጨረስኩትን ሁሉ እየጎተትኩ እዚያ አስገባ ነበር። ሲፈለግ ከፍቼ አወጣዋለሁ። ዓመታት እንዲህ ሠርቷል፤ አንድም ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም። ከእኔ በኋላ የተቀጠረውንም ሁሉ እንዲሁ አስተማርኩ።

ቅርጫቱን ከፈትኩት። ውስጡ ያለው የዚህ ወር ሥራ ብቻ ነው። ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። ያው ነው።

«ምነው ወደዚያ ሄዱ?» አለች ልጅቷ።

«ያለቀ የሚቀመጠው እዚህ አይደለም እንዴ?»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ይሄ እኮ የሚጣል ነገር ማስገቢያ ነው፣ እማማ። አዲሱ ሲስተም ሠላሳ ቀን የሞላውን በራሱ ያጠፋል።»

አዲሱ ሲስተም ከገባ ሦስት ወሩ ነው። የሁለት ወር ሥራ ጠፍቷል። የውጤት ዝርዝሩ በወረቀት መዝገብ ቤት አለ፣ እንደገና መጻፍ ይቻላል፤ እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ቀና ስል አለቃዬ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«እኚህ እናታችን ናቸው» አላት እየሳቀ። «እሳቸውና ኮምፒዩተር ድሮም አይስማሙም። ይሄን አትጻፊው፣ ሌላ ሰው ጠይቂ።»

ዝም ልል እችል ነበር። ስምንት ዓመት ዝም ብያለሁ። ግን ያ ዐረፍተ ነገር፣ ያው የኮሚቴው ዐረፍተ ነገር፣ ፊቴ ላይ ሲደገም አፌ ቀደመኝ።

«የሁሉንም እዪ» አልኳት። «የሱንም ጭምር።»

የሆለታዋ ልጅ የራሷን ከፍታ ኖሮ «ያ ዋቃ!» ብላ ራሷን ያዘች። «የኔም የለም! አዳዳ ናቸው እኮ እንዲህ ያስተማሩን!» በኦሮምኛ ያ ዋቃ «አምላኬ»፣ አዳዳ ደግሞ አክስት ማለት ነው፤ በፍቅር ነው የምትጠራኝ። ያን ጊዜ ግን አፏን ብይዘው ደስ ባለኝ። ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልላ እኔ ላይ ጫነችው።

ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጅ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረች። የስድስታችንም አንድ ዓይነት ነበር። ከዚያ ወደ አለቃዬ ቢሮ አመራች። «የኔ ሥራ ላይ ነው፣ ሌላ ቀን» አላት። «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብላ ገባች። በሩ ስላልተዘጋ ሁላችንም እናይ ነበር። ቅርጫቱን ስትከፍት አንገቱ ቀላ። እሱም እኔ ያስተማርኩትን አልረሳም ነበር።

«ሰባት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራ የሰው ጥፋት አይደለም» አለች ስትወጣ። «የኛ ነው። እማማ፣ እንዴት ቢሆን ይሻላል ይላሉ?»

«ላለቀ ሥራ የራሱ ቦታ ይኑረው። የሚያጠፋውን ደግሞ ቅርጫት አታስመስሉት። ከማጥፋቱም በፊት ይጠይቀን።»

ቃል በቃል ጻፈችው። እኔ የተናገርኩትን ሰው ወረቀት ላይ ሲያሰፍር ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ ግን አላለኝም። ወረቀቱ አናት ላይ የሥራ መደቤ ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት መጥፎ ነበሩ። ቀን ቀን የጠፋውን ከወረቀት እየገለበጥኩ እጽፋለሁ። ጸሐፊዋ ደብዳቤ ይዛ በገባች ቁጥር ጣቶቼ ይቆማሉ። አንድ ቅዳሜ ለማንም ሳልናገር ሱሉልታ ደርሼ ተመለስኩ። ለመሄድ ብቻ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ፤ ከታክሲው ስወርድ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ አንድ ሰውዬ ክንዴን ይዞ አወረደኝ።

በአራተኛው ሳምንት አለቃዬ ጠራኝ። በሩን ዘጋ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብዳቤ አለ፤ ተገልብጦ ቢታየኝም «ሱሉልታ» የሚለውን አነበብኩት። አልተፈረመበትም።

«የታኅሣሡ የሥራ አፈጻጸም ምዘና» አለ ሳያየኝ። «የሁላችሁንም ሞልቼ ጨርሼው ነበር። ቅርጫቱ ውስጥ... አሁን ማውጣት ይቻላል?»

ያኔ ገባኝ። የዝውውር ደብዳቤ ያለ ምዘና አይወጣም፤ የኮሌጁ ደንብ ነው። ሞልቶ ሳያትመው፣ ሳያስፈርመን፣ እዚያው አስገብቶታል።

«ሠላሳ ቀን አልፎታል» አልኩት። «አይመለስም።»

«አሁን ብሞላውና ቢፈርሙልኝ...»

«ታኅሣሥ እኮ አለፈ።»

ደብዳቤውን አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አልቀደደውም።

የሚቀጥለው ምዘና ሰኔ ላይ ነው፤ እስከዚያ ቡራዩ ነኝ። ሰኔ ሲመጣ ቅጹ ታትሞ እጄ ላይ ሳይገባ፣ አንድ ግልባጭም ሳልይዝ፣ አልፈርምም።