የግሼው አብራሪ ወንበር

ከመንዝ እስከ መርሐቤቴ ስለ አውሮፕላን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም፤ ቢወለድም ገና አፉን አልፈታም። ይህን ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ። የማላወራው አንድ ቀን እንኳ አውሮፕላን ተሳፍሬ አለማወቄን ነው። ከዚህ የባሰም አለ። የንስሐ አባቴ እንኳ አልሰሙትም፤ ዛሬ ለእናንተ ልናገረው። እባካችሁ አትሳቁ። እስከ ዛሬ ያስቸገረኝ ሳቅ ነው።

ሞላሌ ላይ በድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ የአውሮፕላን ሙዚየም አለን። ጥቂት ሰዎች ሆነን ያለ ደመወዝ እንጠብቀዋለን። ሙዚየም አልነው እንጂ ያለን ከብዙ ዘመን በፊት ገደል የገባ የአንድ አውሮፕላን ስብርባሪ ነው። ክንፉን የበግ ጉረኖ በር ሆኖ አግኝተነው፣ ባለቤቱን ለምነን ነቀልን። የአብራሪው ወንበር ግን ጠፋ። ወንበር የሌለው አውሮፕላን ምኑ ያምራል? እኔ አመጣሁት። ጋራዥ ጓሮ ከተጣለ አውቶቡስ ላይ ፈታሁና "ሳምንት ሙሉ በገመድ ተንጠልጥዬ ከገደል አወጣሁት" አልኩ። አጨበጨቡልኝ።

በዚያም አልበቃኝ። ጎብኚ ሲመጣ አገሩን እጠይቃለሁ። መርሐቤቴ ካለ አብራሪው የመርሐቤቴ ልጅ ይሆናል፤ ሞላሌ ካለ የእኛው ጎረቤት። ሰው ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ማንን ጎዳሁ? እል ነበር።

አንድ የገበያ ቀን እማማ ዘነበች የሚባሉ አሮጊት ገቡ።

"ከየት ነዎት እማማ?"

"ከግሼ።"

"እንግዲያውስ የአገርዎ ልጅ ነዋ! እዚህ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው የሞተው።"

ወንበሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "የኔ ልጅ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ነበረው?"

ወንድማቸው በወጣትነቱ አየር ኃይል ገብቶ ደብዛው እንደጠፋ የሰማሁት በኋላ ነው። ፊታቸውስ አይናገርም ነበር? እኔ ነኝ ያን ፊት ያየሁት። እኔ ነኝ "አዎ፣ ነበረው" ያልኩት። "አላውቅም" ማለት ለምን አቃተኝ? አዋቂው እኔ!

እንዲህ አድርጌ መርዶ ነገርኩ። አገር ሽማግሌ መርጦ፣ ዘመድ አሰባስቦ፣ በማለዳ የሚያረዳውን ሞት እኔ በገበያ ቀን በቀልድ አረዳሁ። ሰውየው ይሙት ይኑር እግዜር ይወቅ። እማማ ዘነበች ግን ይመጣል ብለው ሳይቀረቅሩ የሚያድሩትን በር ከዚያ ወዲህ ይቀረቅራሉ።

እውነቱን ለመናገር አልሞከርኩም? ሞክሬአለሁ። አብረውኝ የሚሠሩትን ጡረተኛ መምህር "ጋሼ ታደሰ፣ ያ ወንበር እኮ የአውቶቡስ ነው" አልኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ደግሞ ጀመረህ! ረዳቱም 'ወራጅ አለ' እያለ ወደቀ በለኛ!" አፌን ልከፍት ስል ይስቃሉ፤ የእማማ ዘነበችን ነገር ሳልጀምረው ይቀራል። ስዋሽ የሚያለቅሱ፣ እውነት ስናገር የሚስቁ ሰዎች! ማን አስለመዳቸው? እኔው።

ለወንድማቸው ተዝካር ሲያወጡ ጠሩኝ። እዚያው በሰው ፊት እናገራለሁ ብዬ ሄድኩ፤ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳጠና ነበር። እማማ ዘነበች እጄን ይዘው ከቄሶቹ አጠገብ አስቀመጡኝ። "ወንድሜን ያገኘልኝ ይኸ ነው" አሉ፤ "እንግዲህ ብሉልኝ።" ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያጠናሁት ቃል እጉሮሮዬ ላይ ነበር። በእንጀራ አወረድኩት።

ይቅርታ ልጠይቅ? ማንን? እናንተ ይቅር ብትሉኝ የእሳቸው በር አይከፈትም። ደንግጬ ነው፣ አፍሬ ነው፣ መንገዱ አድክሞኝ ነው አልልም። ወጡ ጣፈጠኝ። አስጨምሬ በላሁ።