ጣት የሚያስቆረጥመው የጣሊያን ዳቦዬ

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ይሄን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ቤቴ ውስጥ የጣሊያን የገጠር ዳቦ ስጋግር ነበር። ያን ቅርፊቱ ደረቅ፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነውን። ከስልኬ ነው የተማርኩት። ሊጡ ቀጠን ብሎ ይቦካና አሥራ ስምንት ሰዓት ይተኛል ይላሉ... በድሬ ሙቀት በሦስት ሰዓት ከሳህኑ ገንፍሎ ይወጣል! ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ክዳን ያለው የብረት ድስት ፍለጋ ታይዋን ገበያን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሬያለሁ። በዚያ ሙቀት ላይ ኦቨን አብርቼ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ...

የጋገረ ሰው ደግሞ ጎረቤት ሳያቀምስ አይበላም። ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ የምንኖር ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ዳቦ ይደርሳታል። በዕድሜ እናቴን ትሆናለች፤ ግን ድሬ ነን፣ አንቱ አንባባልም።

«አቦ! ወላሂ ጣት ያስቆረጥማል! ይሄን ሙያ ይዘሽ ቢሮ ምን ትሠሪያለሽ? ዳቦ ቤት ክፈቺ!» ትለኛለች። ሌሎቹም ጎረቤቶች እንደዚያው።

እኔ ጅሏ አመንኩ። የዘጠኝ ዓመት ሥራዬን ልለቅ ደብዳቤ ጻፍኩ።

ለመካሪዬ መጀመሪያ ልንገራት ብዬ ወደ ጓሮዋ ዞርኩ። አዴ ፋጡማ ኒም ዛፉ ሥር ጎንበስ ብላለች። ከፊቷ ፍየሏ ታስራለች። ፍየሏ ፊት ደግሞ... ትናንት በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ የሰጠኋት ዳቦ!

ደሜ ፈላ።

«አዴ ፋጡማ! ምንድነው ይሄ?»

«ኧረ አቦ... ትንሽ ተርፎኝ ነው።»

«ምኑ ነው የተረፈው? ቢላ እንኳ አልነካውም እኮ!»

በመጨረሻ ተናዘዘች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለፍየሏ ነበር የምትሰጠው።

«ቅርፊቱ ድንጋይ ነው ልጄ። እኔ የቀረኝ አራት ጥርስ ነው። ግን ዳቦውን ይዘሽ ስትመጪ ፊትሽ ይበራል... እንዴት አልበላም ልበልሽ? ነውር አይደል?»

«ቅርፊቱ እንዲጠነክር ነው እኮ የሚጋገረው! ነውርስ ሥራሽን ልቀቂ ማለትሽ ነው! ይኸው ደብዳቤውን ላስገባ እየሄድኩ ነው! ነገ ልጆቼን ምን ላበላቸው ነበር?»

ጩኸቴን ሰምቶ ግቢው በሙሉ ወጣ። አንዱም ግን ዓይኔን ማየት አልቻለም። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። የእነሱም ዳቦ የት ሲገባ እንደከረመ ያኔ ገባኝ። ለሁለት ወር ድካሜ አለቀስኩ፣ በንዴት።

አዴ ፋጡማ ልታበርደኝ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ወላሂ ፍየሏ ግን ትወደዋለች» አለችኝ።

ዞሬ አየሁ። ካርቶን የምትበላ ፍየል ናት፣ ፌስታል የምትበላ! የዳቦውን ውስጥ ጎርጉራ በልታ ቅርፊቱን ትታዋለች።

ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አወጣሁና ለፍየሏ ሰጠኋት። ፊርማዬን እንኳ ሳታስቀር ጥርግ አድርጋ በላችው።

በዚያ ግቢ ውስጥ ያልዋሸችኝ እሷ ብቻ ናት።