የመርጌታው ሠላሳ

ፖሊሶች ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ሲወስዱኝ የእጄን ጠመኔ እንኳ አላራገፍኩም ነበር። ሶዶ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያስያዘኝ በመምህራን ስብሰባ ላይ ስለ ክልል ጥያቄ የተናገርኩት ነው። ያስገቡኝ የእስር ክፍል ላብና የሽንት ባልዲ ይሸታል። አሥራ አንድ ሰው ነበርን።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አዛውንት ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። መርጌታ ናቸው፤ በስብከታቸው ነው የታሰሩት። ሙያዬን ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

"እናንተ የሳይንስ መምህራን ቤተ ክርስቲያን የዕውቀት ጠላት ናት ትላላችሁ አሉ።"

"ታሪኩ እንደዚያ ነው፣ መርጌታ።"

አልተከራከሩኝም። ተበላ ከሚባለው ከተማ የመጣ አንድ እስረኛ ገበሬ ግን "ፋሲካ መቼ ነው? ቤታችን እንደርስ ይሆን?" አለ። መርጌታው በከሰል ቁራጭ ግድግዳው ላይ ማስላት ጀመሩ። አካፈሉ፣ አባዙ፤ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች አወጡ፤ ቀኑን ነገሩት።

"ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ ሠላሳ ነው" አሉኝ። "ጨረቃን ሳንቆጥር ፋሲካ የለንም።"

አውሮፓ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለዚሁ ለፋሲካ ስትል የካቴድራል ጣሪያ አስበስታ የፀሐይን ጉዞ ታስለካ እንደነበር አንብቤያለሁ። ለአንድም ተማሪ አልተናገርኩም። የማስተምረውን ያበላሽብኝ ነበር።

በማግስቱ በፍተሻ ጊዜ ፖሊሶቹ ቁጥሮቹን አዩ። መርማሪው አስጠራኝ።

"ሠላሳ ሰው ናችሁ ማለት ነው?"

"የጨረቃ ቀን ነው። ፋሲካን ማውጫ ሂሳብ።"

"አንተ የሳይንስ ሰው ነህ። የቄስ ጽሑፍ ሂሳብ እንዳልሆነ፣ የምስጢር ምልክት እንደሆነ መስክርና ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ነበር። ባለቤቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ወረቀቱን ገለበጥኩ። መርጌታው ሲሠሩ ያየሁትን ሂሳብ ከመጀመሪያው እስከ ሠላሳው በጀርባው ላይ ሠራሁት። ከሥሩ "ትክክል ነው" ብዬ ፈረምኩ።

መርማሪው ቀደደው።

መርጌታውን ያንኑ ቀን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ምን እንደጻፍኩ ልነግራቸው እንኳ ጊዜ አልሰጡንም። ልጄ የተወለደችው እኔ እስር ቤት እያለሁ ነው።

አሁን ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። በቀደም፣ መሬት ትዞራለች ብሎ ጣሊያን አገር በቤተ ክህነት ችሎት ፊት ስለቆመው ሽማግሌ ሳይንቲስት ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ትክክል ከነበረ ለምን ተሳስቻለሁ ብሎ ፈረመ? ፈሪ ነበር?"

ድሮ ቢሆን አዎ እለው ነበር።

"መጀመሪያ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ማን እንዳስፈረመው ጠይቅ" አልኩትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።